የስፖርተኞች የብሽሽት ሕመም፤ ያለ ቀዶ ጥገና የሚሰጠው ሕክምናና የቃላቱ ጉዳይ

አማርኛ ተናጋሪ ሕመሙን ሲገልጽ «ብሽሽቴን አመመኝ» ይላል። በዚህ ዓረፍተ ነገር «ብሽሽቴን» ተሳቢ ነው፤ ታማሚውም «-ኝ» በምትለው ቅጥያ በተሳቢነት ተመልክቷል፤ የግሡ ባለቤት ግን በስም አልተጠራም። ያሳመመው ጡንቻ ይሁን ጅማት፣ አጥንት ይሁን ሌላ፣ ዓረፍተ ነገሩ አይፈርድም። የሚያስታውቀው ሥፍራውንና ባለሕመሙን ብቻ ነው። ይህን የታወቀ የሰዋስው ጠባይ እዚህ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከ14 አገሮች የተውጣጡ 24 ሊቃውንት በዶሃ ከተማ ተሰብስበው ስለ ስፖርተኞች የብሽሽት ሕመም ስያሜ መክረው ነበር። የደረሱበት ውሳኔ በመሠረቱ ከዚሁ ዓረፍተ ነገር ጋር የሚስማማ ነው። ይኸውም የሚያምመው ሥፍራ ተመርምሮ ይጠራ፤ ያልተረጋገጠ መንስኤ ግን በስሙ ውስጥ አይግባ የሚል ነው።

ጽሑፋችን የሐኪም ምክር አይደለም። የሕክምና ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎችና ሙያዊ ቃላትን የሚያሰናዱ ባልደረቦች በዚህ አንድ ሕመም ላይ የሚገጥሟቸውን ችግሮች ለመመርመር የቀረበ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ቃላትን በማማረጥ ብቻ አያበቃም። ሕመሙ የተጠራበት ስም ስፖርተኛውን ወደ ቀዶ ሐኪም ሊመራው ወይም ከዚያ ሊያስቀረው ይችላል።

ብሽሽት ጭን ከሆድ ጋር የሚገናኝበት እጥፋት ነው። የእግር ኳስና የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ኳስ ሲመቱ፣ ሮጠው በድንገት ሲዞሩ፣ ጭናቸውን ከፍተው ሲንሸራተቱ በዚህ ሥፍራ ከባድ ኃይል ይተላለፋል። በጭን ውስጠኛ ገጽ ያሉት ጡንቻዎች፣ ከሆድ የሚወርዱት ጡንቻዎች፣ ከጀርባ አጥንት መጥቶ ጭንን የሚያነሣው ጡንቻ፣ የዳሌ አጥንት የፊት መጋጠሚያ፣ ሁሉም መዳፍ በሚሸፍነው ቦታ ላይ ይጎራበታሉ። ሕዝቡ ለዚህ ሥፍራ በሽታ ያወጣቸው የታወቁ ስሞች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ንፍፊት፣ ሌላው ቡአ። ንፍፊት እግር ሲቆስል በብሽሽት የሚያብጠው ዕጢ ነው፤ ቡአ ደግሞ የሆድ ዕቃ በደካማ ቦታ ገፍቶ ሲወጣ የሚታየው እብጠት ነው። ሁለቱም በዓይን የሚታዩ፣ በእጅ የሚዳሰሱ ናቸው። የስፖርተኛው ሕመም ግን የሚታይ ነገር የለውም፤ በዚህም ሳቢያ ይመስለናል ከ«አመመኝ» ያለፈ የራሱ ስም ሳያገኝ የቀረው። በዚህ ላይ ሥፍራው የሀፍረተ ሥጋ ጎረቤት ስለሆነ «ብሽሽቴን» ማለት የሚያሳፍረው ሰው «ጭኔን» ወይም «ታፋዬን» ብሎ ያልፋል። ቃል ሰብሳቢ ይህን ሳያውቅ የሰማውን ሁሉ እንደ ወረደ ቢመዘግብ ይሳሳታል።

ስም የሚያዝዘው መድኃኒት

በሌላው ዓለም የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ስለ ሕክምናው የተጻፉ 72 ጥናቶች በአንድነት በተመረመሩ ጊዜ 33 የተለያዩ የበሽታ ስሞች ተገኝተውባቸዋል። ከዶሃው ስብሰባ ቀደም ብሎም የሁለት ታማሚዎች ታሪክ ለሊቃውንት ተልኮላቸው የሕመሙን ስም እንዲሰጡ ቢጠየቁ፣ ለመጀመሪያው 9፣ ለሁለተኛው 11 ዓይነት ስም መለሱ። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እነዚህ ተመሳሳይ ቃላት ናቸው ወይስ የልዩ ልዩ ነገሮች ስሞች?» ብሎ ነው። ችግሩ አንዱን ሕመም ሁለት ሐኪሞች በሁለት ስም ይጠሩታል፤ ሁለት ሕመሞችን ደግሞ ሌላው ሐኪም በአንድ ስም ይጠራቸዋል። በእንዲህ ዓይነቱ ሁኔታ የአንዱን ጥናት ውጤት ከሌላው ጋር ማነጻጸር የማይቻል መሆኑ ግልጽ ነው።

ከስሞቹ መካከል ለአማርኛ ተርጓሚ አደገኛ የሆኑትን እንይ። «ስፖርትስ ሄርኒያ» የሚለው ቃል በቃል ቢመለስ «የስፖርት ቡአ» ይሆናል። ነገር ግን ይህ ስም የሚሰጠው የሚዳሰስ ቡአ ለሌለበት ሰው ነው! በእንግሊዝኛ ይህ ተቃርኖ በባዕድ ቃል ስለተሸፈነ ብዙ አይሰማም፤ በአማርኛ ግን ቡአ የታወቀ የቤት ቃል በመሆኑ ሰሚው ወዲያው እብጠት ይፈልጋል። እብጠቱን ባያገኝም ለቡአ መድኃኒቱ ቀዶ ጥገና መሆኑን ያውቃልና ወደዚያው ያመራል። ስሙ ማዘዣ ሆነ ማለት ነው።

«ኦስቴይቲስ ፑቢስ» የተባለው በሌላ መንገድ ያሳስታል። ስሙ የመጣው ከሽንት አካላት ሕክምና ነው፤ በ1924 ኤድዊን ቢር የተባለው ቀዶ ሐኪም ከእምብርት በታች ቀዶ ጥገና በተደረገላቸው ሰዎች ላይ ያየውን ሁኔታ ገልጾበታል። በኋላ ወደ ስፖርተኞች ተዛወረ። መድረሻው «-ኢቲስ» በሕክምና ቋንቋ ብግነትን ያመለክታል፤ ስለዚህ «የአጥንት ብግነት» ተብሎ መተርጎሙ ከቃሉ አንጻር ትክክል ነው። ከነገሩ አንጻር ግን ልክ አይደለም። በ2008 በታተመ ጥናት ከሕመሙ ባለቤቶች አጥንት ናሙና ተወስዶ ሲመረመር የታየው አዲስ አጥንት እየተሠራ መሆኑ እንጂ የብግነት ሕዋሳት አልነበሩም። «ብግነት» የሚለውን ያነበበ ሰው የብግነት ማብረጃ ኪኒን ይጠይቃል፤ ከዚያም ተኝቶ ይጠብቃል። ይህም የታዘዘው በስሙ ነው።

በሰው ስም የተጠራም አለ። በለንደኑ ቀዶ ሐኪም በጊልሞር ስም «የጊልሞር ብሽሽት» የተባለው ከ1980 ጀምሮ ይታወቃል። የሰው ስም ስለ መንስኤው ምንም አይናገርም በሚል እንደ ንጹሕ ስያሜ የሚቆጥሩት አሉ። እኛ አንስማማም። ስሙ የቀዶ ሐኪም ከሆነ ሕክምናውም አብሮት ይታሰባል።

የዶሃው ስብሰባ እነዚህን ሁሉ፣ ሌሎችም በርከት ያሉ ስሞችን፣ እንዳይሠራባቸው መክሯል። ለጠቅላላው የተመረጠው «የስፖርተኞች የብሽሽት ሕመም» የሚለው ነው። «ስፖርታዊ የብሽሽት ሕመም» የሚለው እንኳ አልተወደደም። የሁለቱን ልዩነት አማርኛ በደንብ ያሳየዋል፤ በመጀመሪያው ዘርፉ የሕመሙን ባለቤቶች ይናገራል፤ በሁለተኛው ቅጽሉ የሕመሙን ባሕርይ ይናገራል። ሕመሙ ግን በራሱ «ስፖርታዊ» የሚያሰኘው ባሕርይ የለውም።

አራቱ ወገኖች በአማርኛ

በዶሃው ውሳኔ መሠረት ሕመሙ በሐኪሙ እጅ ምርመራ በአራት ወገን ይከፈላል፤ ከነዚህ ሌላ ከዳሌና ከጭን አጥንት መገጣጠሚያ የሚመጣና የልዩ ልዩ በሽታዎች ምልክት የሆነ ሕመም በየራሱ ይመደባል። የአራቱ ስም የተመሠረተው «የተያያዘ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ተርጓሚው «በ… ምክንያት የመጣ» ብሎ ቢመልሰው የውሳኔውን ነፍስ አወጣው ማለት ነው፤ «ከ… ጋር የተያያዘ» የሚለው ግን ሥፍራን ያመለክታል እንጂ አይወነጅልም።

የመጀመሪያው ወገን ጭንን ከጭን ጋር ከሚያገናኙት ጡንቻዎች ጋር የተያያዘው ነው። ሐኪሙ እነዚህን ጡንቻዎች ሲነካ ያምማል፤ ታማሚው በተቃውሞ ላይ እግሮቹን ሲያጋጥምም ያምመዋል። ጡንቻው በላቲን ቃል «አዳክተር» ይባላል፤ ወደ ራስ የሚስብ ማለት ነው። ለአማርኛው ሦስት ቃላት መርምረናል። «አቅራቢ» ከንግድና ከመድረክ ጋር የታሰረ ሆነ። «ሰብሳቢ» «እግርህን ሰብስብ» ከሚለው አነጋገር ቢመጣም ትርጉሙ እግርን ወደ ኋላ ማጠፍንም ይጨምራል፤ የስብሰባውን ሊቀመንበርም ያስታውሳል። እግሩን ከፍቶ የተቀመጠን ልጅ «እግርህን ግጠም» እንላለንና «ገጣሚ» የእንቅስቃሴውን አቅጣጫ በትክክል ይዟል። ባለቅኔዎቹ ይቅር ይበሉንና «ጭን ገጣሚ ጡንቻ» የሚለውን መርጠናል፤ «ጭን» ከፊቱ እስካለ ድረስ ከግጥም ጋር የሚያምታታው አይኖርም።

ሁለተኛው ጭንን ወደ ሆድ ከሚያነሣው ጡንቻ፣ ከ«ኢሊዮፕሶአስ»፣ ጋር የተያያዘው ነው፤ «ጭን አንሺ» ብንለው በቂ ነው። ሦስተኛው ከብሽሽት ቦይ ጋር የተያያዘው ሲሆን፣ ሕመሙ በቦይው አካባቢ የሚሰማና ቦይው ሲነካ የሚያምም ሆኖ የሚዳሰስ ቡአ ሊኖር አይገባም። ሲስሉ ወይም ሲያስነጥሱ ሕመሙ ቢብስ ጥርጣሬው ይጠነክራል። አራተኛውን «የኀፍረት አጥንት» ከሚል ወይም ይሉኝታን ከሚያስከትል ሌላ ስም ይልቅ «የዳሌ የፊት መጋጠሚያ» ብሎ በግልጽ መናገር ይሻላል፤ ምልክቱም መጋጠሚያውና አጠገቡ ያለው አጥንት ሲነካ ማመሙ ነው።

«ከጭን ገጣሚ ጡንቻ ጋር የተያያዘ የብሽሽት ሕመም» ለንግግር ረጅም እንደሚሆን አይጠፋንም። በጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ሙሉውን አስቀምጦ ከዚያ በኋላ «የገጣሚ ወገን ሕመም» እያሉ መቀጠል ይቻላል። «ወገን» አቅጣጫንና ምድብን በአንድነት ስለሚያመለክት ለ«ተያያዘ» ጥሩ ምትክ ይሆናል ብለን እናምናለን።

የሕክምናው ቃላት

አሁን ወደ ሕክምናው እንምጣ። የውጭው ጽሑፍ ያለ ቀዶ ጥገና የሚሰጠውን «ኮንሰርቫቲቭ» ይለዋል። ቃሉን ከፖለቲካ መዝገበ ቃላት አውጥቶ «ወግ አጥባቂ ሕክምና» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ አይጠፋም፤ አንባቢም የጸበልና የሥር መድኃኒት ነገር ይመስለዋል። ነገሩ ግን የሰውነትን ክፍል ሳይቆርጡ እንዳለ ጠብቆ ማከም ማለት ነው። «ያለ ቀዶ ጥገና» የሚለውም ቢሆን፣ ለአርእስታችን ብንጠቀምበትም፣ ጉድለት አለው። የግሪኩ ምንጭ የሐኪሙን የእጅ ሥራ ብቻ ሲናገር፣ የአማርኛው «ቀዶ ጥገና» መቅደድንና መጠገንን አጣምሮ ይዟል። ስለዚህ «ያለ ቀዶ ጥገና» ሲባል «ሳይጠገን» የሚል ጥላ ይከተለዋል። ስፖርተኛው ዋናው ነገር እንደ ቀረበት ያስባል። ሕክምናው በሚሠራው ሥራ ቢጠራ፣ «የማጠንከሪያ ሕክምና» ቢባል፣ ይህ ጥላ ይወገዳል።

ለመሆኑ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? በ1999 ዴንማርካዊው ፔር ሆልሚክና ባልደረቦቹ ውጤቱን «ላንሴት» በተባለው መጽሔት አሳተሙ። (ላንሴት የቀዶ ሐኪም ትንሽ ስለት ስም ነው፤ ሆልሚክም ራሱ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነው። ስለት ሳይነካው ስለሚድን ሕመም በዚያ ስም መጻፉ የቃላት ሰው ሳይስተዋል የሚያልፈው አይደለም።) የረጅም ጊዜ የጭን ገጣሚ ሕመም የነበረባቸው 68 ስፖርተኞች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን በጨረር መሣሪያ፣ በእሽት፣ በመሳሳብና በኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ታከመ። ሌላው ወገን ከ8 እስከ 12 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሠራ። ኳስ በእግሮች መካከል ይዞ ለ30 ሰከንድ መጭመቅ፣ የሆድ ጡንቻን ማሠራት፣ በሚዋዥቅ ሰሌዳ ላይ ሚዛን ጠብቆ መቆም፣ ቀጥሎም በጎን ተኝቶ እግርን ማንሣትና መመለስ፣ በአንድ እግር መሥራት፣ በሚያንሸራትት ሰሌዳ ላይ ጭንን መክፈትና መግጠም። ጥናቱን ከፈጸሙት መካከል፣ በሠሩት ወገን ከ29 ሰዎች 23ቱ ያለ ብሽሽት ሕመም ወደ ቀድሞ የስፖርት ደረጃቸው ተመለሱ። በታከመው ወገን የተመለሱት ከ30 ሰዎች 4 ብቻ ነበሩ።

ከላይ ለአንዱ ወገን «ታከመ»፣ ለሌላው «ሠራ» ማለታችን ሆን ብለን ነው። በአማርኛ «ታከመ» ተገብሮ ነው፤ «ታካሚ»ም ከዚሁ የወጣ ነው። አድራጊው ሐኪም፣ ተደራጊው በሽተኛ ነው። በዚህ ሕመም ግን መዳኛው ገቢር ግሥ ነው። የመመሪያው ጽሑፍ «ይደረግልዎታል»፣ «ይሰጥዎታል» እያለ ከሄደ አንባቢው ተኝቶ ይጠብቃል፤ «ይጭመቁ»፣ «ያንሡ»፣ «ይግጠሙ» ማለት አለበት።

እዚህ ላይ «ወጌሻ» የሚለው ቃል ይነሣል። በአገራችን ወጌሻ የተሰበረን የሚጠግን፣ ወለምታን የሚያሽ ባለሙያ ነው፤ በእግር ኳስ ሜዳም ቃሉ ተስፋፍቶ የቡድኑ የፊዚዮቴራፒ ሰው በዚሁ ስም ይጠራል። ቃሉ ሕያውና የተከበረ ነው፤ ከሜዳው እናስወጣው አንልም። ነገር ግን ወጌሻ ሲባል የሚታየን የሚያሽ እጅ ነው። በትርጉም ሥራ «ወደ ወጌሻ ይሂዱ» የሚል ምክር ታማሚውን ወደዚያኛው፣ ከ30 ሰዎች 4 ወዳዳነው ወገን ሊመራው ይችላል። እጅ ጥቅም የለውም ማለታችን ግን አይደለም። በኔዘርላንድ በተደረገና በ2011 በታተመ ጥናት፣ በእጅ የሚሰጥ ሕክምና የተጨመረበት መንገድ የተመለሱትን ስፖርተኞች በአማካይ በ12.8 ሳምንት ወደ ስፖርት ሲመልስ፣ በእንቅስቃሴ ብቻ የታከሙት 17.3 ሳምንት ፈጅቶባቸዋል፤ የዳኑት ሰዎች ብዛት ግን በሁለቱም ተቀራራቢ ነበር። ስለዚህ በሙያ ጽሑፍ «የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ» የሚለውን እንድንይዝ፣ «ወጌሻ»ን ለሜዳው ንግግር እንድንተወው ሐሳብ እናቀርባለን።

ከሁሉ የከፋው «ልምምድ» ነው። በስፖርት ዜናችን ልምምድ ማለት የቡድኑ የዘወትር ሥራ ነው፤ «ከልምምድ ቀረ»፣ «ወደ ልምምድ ተመለሰ» ይባላል። የሕክምናውን እንቅስቃሴም «ልምምድ» ካልነው በአንድ ገጽ ላይ «ልምምድ ያቁሙ» እና «ልምምዱን በሳምንት ሦስት ጊዜ ይሥሩ» የሚሉ ሁለት ትእዛዞች ይገናኛሉ። ተጫዋቹ ሁለቱንም ያቆማል፣ ወይም ሁለቱንም ይሠራል። በሁለቱም ይጎዳል። «ልምምድ» ለቡድኑ፣ «ማጠንከሪያ» ለሕክምናው ቢወሰን ከዚህ አደጋ እንድናለን። «ዕረፍት»ም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፤ በአማርኛ ያረፈ ሰው ከሁሉ ያረፈ ነው። እዚህ የተፈለገው ግን ከሚያሳምመው ሩጫና ምት መታቀብ ነው። «ጫና»ን በተመለከተ፣ «የሥራ ጫና» ከሚለው የተነሣ ቃሉ ክፉ ስሜት ይዟል። ጡንቻ የሚጠነክረው ግን ቀስ በቀስ በሚጨመር ጫና በመሆኑ «የተመጠነ ጫና» ብሎ በቅጽል መግራት ይቻላል።

ቀዶ ጥገና ጭራሽ ቦታ የለውም ብሎ መጻፍም ማሳሳት ነው። በፊንላንድ በተደረገና በ2011 በታተመ ጥናት በተለይ ሕመማቸው ወደ ብሽሽት ቦይ ያደላ 60 ሰዎች ግማሾቹ በቀዶ ጥገና፣ ግማሾቹ ያለ እርሱ ታክመው፣ ከሦስት ወር በኋላ ወደ ስፖርት የተመለሱት ከመጀመሪያው ወገን 90 በመቶ፣ ከሁለተኛው 27 በመቶ ነበሩ። በገጣሚ ወገን ሥራ ያሸንፋል፤ በቦይ ወገን ስለት ድርሻ አለው። ሁለቱን ወገኖች «የስፖርት ቡአ» በሚል አንድ ስም የሚጠራ ተርጓሚ ለየትኛው የትኛው እንደሚሻል እንዳይታወቅ ያደርጋል።

በዚህ ዘርፍ አዲስ የገባ አንድ ስም ግን በደስታ እንቀበላለን። «የኮፐንሀገን ማጠንከሪያ» ይባላል፤ ስፖርተኛው በጎኑ ተኝቶ፣ ጓደኛው የላይኛውን እግሩን ይዞለት፣ በክንዱና በዚያው እግሩ ኃይል ሰውነቱን ከመሬት ያነሣል። በኖርዌይ እግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ በ2019 እንደ ተገለጸው፣ ይህን በየጊዜው የሠሩት ቡድኖች የብሽሽት ችግር ዕድላቸው በ41 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የከተማ ስም ስለ በሽታም ስለ መንስኤም አይናገርም፤ ዕቃም አይጠይቅም፤ ለመተርጎምም አይቸግርም።

የሚቸግረው በ2011 የወጣውና ከዚያችው ከተማ ስሙን የወሰደው መጠይቅ ነው። 37 ጥያቄዎች በ6 ክፍል ተመድበውበታል፤ ታማሚው ያለፈውን ሳምንት እያስታወሰ ስለ «ዳሌውና/ወይም ብሽሽቱ» እንዲመልስ ይጠየቃል። በአማርኛ «ዳሌ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የጎኑን ሥጋ እንጂ ከውስጥ ያለውን መገጣጠሚያ አይደለም። በዚህ ላይ የሕመሙን መጠን እንጂ ዓይነቱን ለማይጠይቅ ጥያቄ አማርኛ ተናጋሪ «ይጠዘጥዘኛል»፣ «ይወጋኛል»፣ «ይቆረጥመኛል» ብሎ በዓይነት መመለስ ይቀናዋል። እኛ ይህን መጠይቅ ለሚመልስ ተርጓሚ የምንመክረው በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰውነት ሥዕል አስገብቶ ሥፍራውን በቀለም እንዲያሳይ፣ በእያንዳንዱ ጥያቄም «ያምመዎታል ወይ?» ከማለት ይልቅ «ምን ያህል ያምመዎታል?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው።